የመከላከያ መስመር ልጆችን እንዴት እናንቀሳቅስ? ለአሜሪካ ፉትቦል ጀማሪ አሰልጣኞች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮች፣ የማሠለጥናቸው ልጆች 10 እና 11 ዓመታቸው ነው። ስላንት፣ ትዊስት የሚባለውን ሁሉ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከስላንት። ኳሱ ሲነሳ አራቱም የመከላከያ መስመር ልጆች ፊት ለፊት ያለውን ተጋጣሚ ትተው፣ በተጋጣሚዎቹ መካከል ጎናቸው ወዳለው ክፍተት በአንድ ላይ ይገባሉ ማለት ነው። ሁለት ልጆች ቦታ የሚለዋወጡበት ትዊስት ይቆይ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ካላሳለፈ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ጥያቄ፦ የእኔዎቹ ክፍተቱ ጋ ሳይደርሱ ተገፍተው ይወድቃሉ። ምን እያጠፉ ነው?

መልስ፦ እግራቸውን ይዩ። ልጁ ለመቅደም ሲጓጓ የመጀመሪያውን እርምጃ ያስረዝማል፣ እግሮቹ ይራራቃሉ፣ ደረቱ ቀና ይላል፤ ያኔ ማንም ይጥለዋል። ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኝ እግሩ ይቅደም፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል፣ ከጫማው ርዝመት ያነሰ፣ ወደ ጎን። ወደፊት የሚያስገባው ሁለተኛው እርምጃ ነው፦ ግራ እግሩ ተሻግሮ ክፍተቱ ውስጥ ሲያርፍ ግራ ክንዱ ከታች ወደ ላይ በብሎከሩ (መንገድ በሚዘጋበት ተጋጣሚ) ብብት ሥር ይወጣል። እግርና ክንድ እኩል ካልሄዱ ትከሻውን ይያዛል።

አቋቋሙንም ይፈትሹ። እጁን መሬት አስደግፎ ጎንበስ ብሎ እንደተዘጋጀ «እጅህን አንሳ» ይበሉት። ወደፊት ከተደፋ ክብደቱን መሬት ባለው እጅ ላይ አብዝቷል፤ እንዲህ ሆኖ ወደ ጎን መሄድ አይችልም።

ጥያቄ፦ ኳርተርባኩ (የተጋጣሚ ቡድን ጨዋታ መሪ) ሲጮህ ልጆቼ ኳሱ ሳይነሳ ይነሳሉ፣ 5 ያርድ እንቀጣለን።

መልስ፦ ኳስ በዱላ ጫፍ በፕላስተር ያስሩና መሬት ላይ ያድርጉት። እንደ ኳርተርባክ «ሃት! ሃት!» እያሉ ይጩሁ፣ ኳሱን ግን አያንቀሳቅሱ። ቀጥሎ ዝም ብለው ይሳቡት። በየልምምዱ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ጆሮው ሳይሆን ዓይኑ እንዲያስነሳው ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ቀኝ ስላንት አድርገን በግራ በኩል ሮጠው አገቡብን። የማን ጥፋት ነው?

መልስ፦ የመስመሩ ልጆች አይመስለኝም። ጠረጴዛ ላይ 6 ሲኒ ይደርድሩ፦ አምስቱ የአጥቂ መስመር፣ ስድስተኛው ታይት ኤንድ፣ ማለትም በመስመሩ ዳር የሚቆመው አጥቂ። በመካከላቸው 5፣ በዳርና ዳር 2፣ ጠቅላላ 7 ክፍተት። አራት ማንኪያ ለመከላከያ መስመርዎ፣ ሦስት ከመስመሩ ኋላ ለሚቆሙት ተከላካዮች፣ ለላይንባከሮቹ። አራቱን ማንኪያ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ክፍተት ሲያዛውሩ በግራ ዳር አንድ ባዶ ይቀራል። የግራው ላይንባከር ያ ክፍተት የእሱ እንደሆነ ኳሱ ሳይነሳ ማወቅ አለበት። ይህን ሳይነግሩት ስላንት ማዘዝ በር ከፍቶ መተው ነው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ጭንቅላቱን እንዳይመታ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ልክ ነው፣ እህቴ። ስላንት ላይ አደጋው ልጁ ክፍተቱን ሲፈልግ አንገቱን መድፋቱ ነው። የሚገባበትን እያየ፣ እጁንና ትከሻውን አስቀድሞ መግባት አለበት። አንገቱን ከደፋ አሰልጣኙ ልምምዱን ወዲያው ያቁም። መጀመሪያ ያለ ተጋጣሚ፣ ከዚያ በእጅ በሚያዝ ትራስ፣ በመጨረሻ በግማሽ ፍጥነት ይሥሩ። ተመትቶ ከዞረበት ወይም ራሱን ካመመው የዚያን ቀን አይመለስም፤ ቀጥሎ የሚጫወተው የሕክምና ባለሙያ ሲፈቅድ ብቻ ነው።