ሥራ ላይ ብጎዳ ማን ይጠየቃል? ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ሥራ ቦታ ደህንነት የከበዳችሁን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከፒያሳም፣ ከአዘዞም፣ ከማራኪም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምመልሰው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለምትተዳደሩ ለዛሬው ይቅርታ።

የቀን ሠራተኛ ነኝ። ከአጣና መወጣጫ ላይ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ካቦው «ተጠንቀቅ ብዬህ ነበር፣ የራስህ ጥፋት ነው» አለኝ። የፈረምኩት ውል የለም። መብት አለኝ?

እግዜር ይማርህ ወንድሜ። አለህ እንጂ።

ሕጉ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ አይጀምርም። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከገባ። ታዲያ «ተጠንቀቅ» መመሪያ ነው? ለእኔ አይደለም። መመሪያ ማለት ቀበቶውን ሰጥቶ፣ አስተሳሰሩን አሳይቶ «ይህን ሳታስር እንዳትወጣ» ማለት ነው። ቀበቶ ሳይሰጡ ተጠንቀቅ ማለት ምርቃት ነው።

ውል አለመፈረምህም መብትህን አያሳጣህም። የጽሑፍ ውል ከሌለ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች ጽፎ፣ ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጥህ የሚገባው አሠሪው ነበር። አንተ ግን እዚያ ትሠራ እንደነበር ማሳየት አለብህ። አብረውህ የዋሉ ሰዎች ይመስክሩ። ደመወዝ በቴሌብር ይላክልህ ከነበረ መልእክቱን አታጥፋው። ሐኪም ቤት ደግሞ «ወደቅኩ» ብለህ ብቻ አትለፍ። የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እየሠራህ እንደወደቅክ ካርድህ ላይ ይጻፍልህ። ይህች መስመር ኋላ ላይ ብዙ ክርክር ታሳጥራለች። ጉዳዩንም አታሳድረው፤ በጠቅላላው የዚህ ዓይነት ጥያቄ በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት፣ ይቀራል።

እስክድን ድረስ ቤቴ በምን ይኖራል?

የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የአሠሪው ነው። ደመወዝህ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ነው። ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ አያንስም። ወር ደመወዝህ 6,000 ብር ቢሆን መጀመሪያ 6,000፣ ቀጥሎ 4,500፣ ከዚያ 3,000 ማለት ነው። በጡረታም በኢንሹራንስም ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው ደግሞ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ይከፈለዋል።

የብረታ ብረት ቤት አለኝ፣ ያሉኝ 3 ልጆች ናቸው። ሕጉ እኔንም ይመለከታል? ደግሞ መነጽር ብገዛላቸውም አያደርጉትም። አንዱ እንዲያውም የግራይንደሩን ሽፋን ፈታው።

ጋሼ፣ ይመለከትዎታል። አዋጁ ሠራተኛው ጥቂት ነው ብሎ ማንንም አይለቅም። መከላከያ መግዛት፣ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ የሥራውን አደጋ አስቀድሞ መንገር፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ (የሥራ ቦታዎችን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት ባለሙያ) ማሳወቅ የእርስዎ ነው። አደጋ ሲደርስም የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ፣ በሚመች መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስ እንዲሁ።

ወደ ግራይንደሩ እንምጣ። ሽፋኑ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ነው። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ትዞራለች። የትልቁ፣ የ230 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ አቅም ግን 6,600 ገደማ ነው፤ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ ያንብቡት። ሲፈነዳ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አይምርም።

ልጁም ነጻ አይደለም። የደህንነት መሣሪያ መፍታት፣ ማንሳት፣ ማበላሸት ለሠራተኛ ክልክል ነው። እርስዎ ግን «ነግሬው ነበር» ብለው አይመኩ። መመሪያውን በአንድ ገጽ ይጻፉ፣ ያንብቡላቸው፣ ያስፈርሟቸው። ሽፋን በሌለው ግራይንደር ሥራ አይስጡ። አይተው ዝም ካሉ እንደፈቀዱ ይቆጠራል ባይ ነኝ።

ለብየዳ ደግሞ የፀሐይ መነጽር አይሆንም። ማታ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው በዚሁ የተነሳ ነው፤ የብየዳው ብርሃን ዓይንን ያቃጥላል። የብየዳ ማስክ በጥቁሩ መስታወት ይግዙላቸው። ልጆቹ እንቢ የሚሉት ብዙ ጊዜ መስታወቱ ተቧጭሮ ስለማያሳያቸው ነውና ቅያሪ ይኑርዎት።

ሰሊጥ የምናበጥርበት መጋዘን አቧራው አያስተነፍስም። የማስኩን ዋጋ ከደመወዛችን ቆረጡብን። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሌሊትም ያስገቡኛል።

እህቴ፣ ማስክ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ግዴታውን በአንቺ ኪስ አይወጣም። ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የተፈራረሙት ስምምነት) እና ያለ ሥራ ደንብ፣ አንቺም በጽሑፍ ሳትስማሚ ደመወዝ አይቆረጥም። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ደግሞ ክልክል ነው። ሐኪም ሥራው ለአንቺ ወይም ለፅንሱ አደገኛ ነው ብሎ ከጻፈልሽ ወደ ሌላ ሥራ ሊያዛውሩሽ ይገባል።

የ16 ዓመት ወንድሜ ድንጋይ ማውጫ ላይ ይሠራል። ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች መቀጠር ይችላሉ፣ በቀን ከ7 ሰዓት ሳይበልጥ። ማዕድንና ድንጋይ ማውጣት ግን ከተከለከሉት ነው።

ሲቀጥሩኝ የኤችአይቪ ምርመራ አምጣ አሉኝ።

ለአዲስ ተቀጣሪ አሠሪው በራሱ ወጪ ጤና ማስመርመር አለበት። ኤችአይቪ ግን ከዚያ ውጭ ነው።

ግድግዳው ሊናድ ደርሷል። ጥዬ ብወጣ «ሥራ ለቀቀ» ይሉኛል?

መጀመሪያ አሳውቅ፣ በጽሑፍ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አንስተህ ብትልክም ማስረጃ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ማኅበሩ፣ ወይም የከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያስጠንቅቅልህ። አሠሪው አደጋው ተነግሮት በጊዜው ካላስተካከለ ያለ ማስጠንቀቂያ ውልህን ማቋረጥ ትችላለህ። ዝም ብለህ ከሄድክ ግን እነሱ እንደፈለጉ ይጽፉታል። ግድግዳው ሲናድ እያየህ ግን ከሥሩ ቆመህ ደብዳቤ አትጻፍ፤ ዞር በል።

ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ብጎዳስ?

በድርጅቱ ሰርቪስ ወይም ድርጅቱ ለሠራተኛ በተከራየው መኪና ከሆነ የሥራ ላይ አደጋ ነው። በራስህ ባጃጅ ተሳፍረህ ስትሄድ ከሆነ አዋጁ በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም። አሠሪህ «ሚስማር ግዛ» ብሎ ልኮህ በዚያው ባጃጅ ከተጎዳህ ግን ትእዛዝ እየፈጸምክ ነውና፣ ከሥራ ቦታህ ውጭ ብትሆንም ይቆጠርልሃል።