ሱፐርቻርጀር ለሚገጠምለት የመንገድ ሞተር ኮምፕሬሽን ሬሾ ስለ መምረጥ፦ ለወጣት ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬ ያለፈው ሲሊንደር በማስፋት፣ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋውን የሞተር ራስ) በማስተካከልና የተሰበረ ሞተር ፈትቶ ምክንያቱን በመፈለግ ነው። እዚህ አሜሪካ ከምትኖሩት ልጆቻችን ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ጋሼ፣ ሞተሬ ላይ ሱፐርቻርጀር ልገጥም ነውና ኮምፕሬሽን ሬሾውን ስንት ላድርገው?» የሚል ነው። ሱፐርቻርጀር በሞተሩ ኃይል እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደር የሚገፋ መጭመቂያ ነው፤ ኮምፕሬሽን ሬሾ ደግሞ ፒስቶኑ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ድብልቅ ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው የሚነግር ቁጥር ነው። ቁጥር ብቻ ነግሮ መሸኘት ይቀል ነበር፤ ሆኖም ምክንያቱን ሳታውቁ የያዛችሁት ቁጥር ቤንዚኑ ወይም አየሩ የተለወጠ ዕለት ሞተሩን ስለማያድንላችሁ ረዘም አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ልብ እንድትሉ የምፈልገው፣ ቡስት፣ ማለትም ሱፐርቻርጀሩ አየሩ ላይ የሚጨምረው ግፊት፣ በኋላ ሊስተካከል የሚችል ሲሆን ኮምፕሬሽን ሬሾ ግን እንደዚያ አለመሆኑን ነው። የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ (በቀበቶ የሚዞረውን መዘውር፤ ሲያንስ ቡስቱ ይጨምራል) በግማሽ ቀን ሥራ በትልቅ ወይም በትንሽ መለወጥ ይቻላል፤ ፒስቶኑና ቴስታታው የወሰኑትን ሬሾ ለመለወጥ ግን ሞተሩን እንደገና መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ ሬሾው ሊመረጥ የሚገባው ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ለሚታየው ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ሳይሆን፣ መኪናው በዓመት ውስጥ ለሚገጥመው እጅግ ሞቃት ቀንና እጅግ ደካማ ቤንዚን ነው።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ሙቀት ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሁሉ አየር ሲታመቅ እንደሚሞቅ ያውቃል። በባሕር ጠለል ላይ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር፣ 60 በመቶ ብቃት ባለው ሱፐርቻርጀር በ7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ቡስት ሲታመቅ፣ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ከሌለ 85 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ገና ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፒስቶኑ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ያምቀዋል። ካንዴላው ካቀጣጠለ በኋላ እሳቱ ገና ያልደረሰበት የጥግ ድብልቅ፣ ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ሲፈነዳ ኖክ ይፈጠራል። የመጀመሪያው ምልክት የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ይገኛል፤ በማጉያ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ሲብስም የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ፍንጣቂዎች ተለጥፈውበት ታያላችሁ። ፍንጣቂዎቹ ከፒስቶኑ አናት የተነሡ ናቸው። ቸል ከተባለ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) መካከል ያለው የፒስቶኑ ጠርዝ ተገምሶ ይወድቃል፤ ስብራቱም ሸካራና ግራጫ እንጂ የቀለጠ አይደለም፣ ምክንያቱም የሰበረው የግፊት ምት ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ስሌት አለ፤ ቡስቱን በባሕር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት፣ ለ14.7 ፒኤስአይ፣ አካፍሎ፣ አንድ ደምሮ፣ ከሬሾው ጋር ማባዛት። በዚህ መሠረት 8.5 ለ1 የሆነ ሞተር በ7 ፒኤስአይ ወደ 12.5 ይደርሳል። ሁለት ዕቅዶችን ለማነጻጸር ይረዳል፤ ነገር ግን የአየሩን ሙቀት፣ የቴስታታውን ቅርጽና የማቀጣጠያውን ታይሚንግ ስለማያውቅ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ኖክን ፈርታችሁ ሬሾውን ወደ 7.5 ማውረድም መፍትሔ አይደለም። በንድፈ ሐሳብ ከ9 ወደ 8 መውረድ የሞተሩን ብቃት ከ58.5 በመቶ ወደ 56.5 በመቶ ያወርደዋል፤ በአንጻሩ በባሕር ጠለል ላይ አንድ ፒኤስአይ ቡስት መጨመር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ አየር ያስገባል። ስለዚህ ለውድድር መኪና ዝቅተኛ ሬሾና ከፍተኛ ቡስት ያዋጣል። የመንገድ መኪና ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ያለ ቡስት፣ ነዳጅ መርገጫው በጥቂቱ ተነክቶ ነው፤ እዚያ ላይ የዝቅተኛ ሬሾ ዋጋ በየቀኑ በቤንዚን ይከፈላል፣ መኪናውም ይፈዛል።

ፋብሪካዎች ይህን ሚዛን እንዴት እንደጠበቁ መመልከት ያስተምራል። የቢዊክ 3800 ሞተር ሁለተኛው ሲሪስ ያለ ሱፐርቻርጀር 9.4 ለ1፣ ከሱፐርቻርጀር ጋር 8.5 ለ1 ነበር፤ ጉልበቱም ከ205 ወደ 240 ፈረስ ከፍ ብሏል። በ2009 ኮርቬት ዜድአር1 ላይ የገባው ኤልኤስ9 ሞተር፣ የአሉሚኒየም ቴስታታና ኢንተርኩለር ስለነበረው 9.1 ለ1 ተሸክሟል። ተከታዩ ኤልቲ4 እስከ 10 ለ1 የወጣው፣ ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ተረጭቶ ድብልቁን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። እኔም በዚሁ መንፈስ፣ የብረት ቴስታታ ላለውና ኢንተርኩለር ለሌለው አሮጌ ሞተር ከ8 እስከ 8.5 ሬሾና ከ6 ፒኤስአይ ያልበለጠ ቡስት፣ አሉሚኒየም ቴስታታና ጥሩ ኢንተርኩለር ላለው ደግሞ ከ9 እስከ 9.5 እመክራለሁ። ከሱፐርቻርጀሮች ሩትስና ስክሩ የሚባሉት ዓይነቶች ገና ከዝቅተኛ ዙር ሙሉ ቡስት ስለሚሰጡ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተጠጉ፤ ሴንትሪፊዩጋል የሚባለው ዓይነት ቡስቱን የሚያበዛው ኖክ ጊዜ በሚያጣበት ከፍተኛ ዙር ላይ ስለሆነ ትንሽ ይፈቅድላችኋል።

ሬሾ ለማውረድ ወፍራም የቴስታታ ጋስኬት መደረብን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፒስቶኑ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ በጠፍጣፋው ጠርዙና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ድብልቁን ወደ መሀል ገፍቶ ያማስለዋል፣ ኖክንም ይከላከላል። ጋስኬቱ ሲወፍር ይህ ጥቅም ይጠፋና ሬሾው ወርዶም ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል። ቦታውን መሀሉ ጎድጎድ ባለ ፒስቶን አግኙት። በ350 ኪዩቢክ ኢንቹ የሼቭሮሌ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር 717 ሲሲ ገደማ ስለሆነ፣ በ9 ለ1 እና በ8 ለ1 መካከል ያለው ልዩነት 13 ሲሲ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የካታሎጉን ቁጥር ሳታምኑ እያንዳንዱን የማቃጠያ ክፍል በቢሬት (መጠን ምልክት ባለው የመስታወት ቱቦ) ፈሳሽ እየሞላችሁ ለኩ።

ቦታም ይቆጠራል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ጌጁ 7 ፒኤስአይ የሚያነብለት መኪና ያለ ምንም ለውጥ ወደ ቨርጂኒያ ቢወርድ 8.4 ገደማ ያነባል፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውም አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። በዴንቨር ሰላም የነበረ ሬሾ እዚያ ላይሆን ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪዎች ደግሞ የኦክቴን (ቤንዚን ኖክን የመቋቋም አቅሙ መለኪያ) አቆጣጠሩ እንደሚለይ አስተውሉ፤ ዱባይ 95 ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን ካሊፎርኒያ 91 ከሚባለው ጋር የተቀራረበ ነው፣ በበጋ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያበቃ ካቀዳችሁት በሚተልቅ ፑሊ ጀምሩ። በሞቃት ቀን ጭነት አስይዛችሁ አቀበት አስወጡትና ካንዴላዎቹን ሁሉ ፍቱ፤ ሸክላቸው ከፍንጣቂ ንጹሕ ሆኖ ካገኛችሁት ትንሹን ፑሊ እዘዙ።