ጅማ ላይ ቲማቲም በሰኔ አይተከልም

እህቴ፣ ከአዳማ ተዛውረሽ በሰኔ የተከልሽው ቲማቲም ነሐሴ ሳይጋመስ ጠቁሮ እንዳለቀ ጽፈሽ፣ «ጥፋቱ የመሬቱ ነው ወይስ የዘሩ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጥፋቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር አካባቢ ቤት ይዤ በገባሁበት ዓመት፣ ውሃ በነፃ መጣ ብዬ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ሽንኩርቱንም በአንድ ሳምንት ተክዬ፣ ለቡሄ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከለመድሽው አገር እጅግ ይበልጣል። የቲማቲም ቅጠል ሲረጥብ ውሎ ሲረጥብ ካደረ ዋግ ይመታዋል። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ ዘሩን ዘርተሽ ችግኝ አፍዪ፣ ችግኙን በጥቅምት አዛውሪ። ድጋፍ ስጪው፣ መሬት የሚነካውን ቅጠል ቁረጪ፣ ስታጠጪም ከሥሩ እንጂ ከላይ አታፍስሺ። ከገና አካባቢ ጀምሮ ትለቅሚያለሽ።

በክረምት ማጠጫሽን ሰቅለሽ ዶማሽን አንሺ። መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ዙሪያውን ቦይ ቅደጂለት። እዚያ ላይ የሀበሻ ጎመንና ቆስጣ ይሆኑልሻል። ቀንድ አውጣ ይመጣል። አመድ ዙሪያውን መነስነስ ይረዳል ይባላል፤ ግን አንድ ዝናብ ያጥበዋል። እኔ ማታ ማታ ባትሪ ይዤ በእጄ እለቅማለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ጎመኑን ግን ይበላሉ። ውሃ የሚተኛበት ዝቅ ያለ ጥግ ካለሽ አትታገዪው፤ በመጋቢት ጎደሬ ትከዪበት። በደንብ ቀቅይው እንጂ፤ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮን እንዴት እንደሚያሳክክ አንዴ የቀመሰ ያውቀዋል።

ማዳበሪያን በተመለከተ እዚህ ከተማ እያለሽ መግዛት አያስፈልግሽም። ከኅዳር ጀምሮ የቡና ገለባ ከየመቀሸሪያው ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሦስት ጆንያ አምጥቼ ትኩሱን እንዳለ ከጎመኑ ሥር ቀበርኩት። በሁለት ሳምንት ጎመኑ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ለካ ያልበሰበሰ ገለባ፣ ለመበስበስ ሲል ራሱ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል! አሁን ከላም እበትና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር በየንብርብሩ ከምሬ፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥኩ አራት ወር አቆየዋለሁ። ጠቁሮ የጫካ አፈር የሚሸት ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። ቀይ አፈራችን ኮምጣጣ ስለሆነ የምድጃ የእንጨት አመድም በጥቂቱ አክዪበት።

በጋው አጭር ነው፤ ቢሆንም ታኅሣሥና ጥር ይፈትናሉ። በአሸንዳ ውሃ አጠራቅሜ በጋውን እወጣዋለሁ ብዬ ነበር። የእኔ አራት መደብ በቀን 40 ሊትር ስለሚጠጣ 200 ሊትሩ በርሜል በአምስት ቀን ተራቆተ። ያዳነኝ ጉዝጓዝ ነው፤ የደረቀ ሣር ወይም የሙዝ ቅጠል መሬቱን ሲሸፍነው በየቀኑ የነበረው ማጠጣት በየሦስት ቀኑ ሆነ። አትክልት ያጠብሽበትንም ውሃ አትድፊ።

ለአንድ ሁለት እግር ቡና ቦታ ይኖርሽ እንደሆነም ጠይቀሻል። አጠር ብሎ የሚያድገውን 74110 ፈልጊ። ቁጥሩ የሎተሪ አይደለም፤ 74 ዝርያው የተመረጠበትን ዓመት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1974ን ያመለክታል። ፍሬ የሚያጠቁረውን የቡና በሽታ ስለሚቋቋም ተመርጦ ነው የተሠራጨው። መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ብትጠይቂ ችግኙ የት እንደሚገኝ ይነግሩሻል።

የሞተውን የቲማቲም ግንድ ግን ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪ፤ አድርቀሽ አቃጥይው። በዚያው መደብ ላይም ዘንድሮ ቲማቲም አትድገሚ፣ ድንችም ቃሪያም ዘመዶቹ ናቸውና አይግቡበት። ቦሎቄ ዝሪበት፤ ቲማቲሙን ወደ ሌላኛው ጥግ ውሰጂው።