ወይራዬን ማን ተከለልኝ?

ክረምቱ ሲቃረብ ደሴና ኮምቦልቻ ስለ ችግኝ ማውራት ይጀምራሉ። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎችም ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ናቸው። ሰፊውን ቦታ ለመጀመሪያው ሰጥቻለሁ።

«ከግቢዬ የድንጋይ አጥር ሥር ማንም ሳይተክላት የበቀለች ወይራ አለች። ቁመቷ ጉልበቴን አልፏል። በአቅራቢያችን ግን የወይራ ዛፍ የለም። ከየት መጣች?» (አንዲት እናት፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

እማማ፣ የተከለችልዎ ወፍ ናት። የወይራ ፍሬ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ሥጋው ስስ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘር ግን እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው። ወፊቱ እንዳለ ትውጠዋለች፤ ሥጋው ሆዷ ውስጥ ይቀልጣል፣ ዘሩ ሳይሰበር ይወጣል። የትንንሽ ወፎች ሆድ ፈጣን ስለሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እሷ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ከጦሳ ግርጌ ተነሥታ እርስዎ አጥር ላይ ልታርፍ ትችላለች።

ዛፉ ለምን ይህን ያህል ይደክማል ቢሉ፣ ከእናቱ ሥር የወደቀ ዘር ዕድሉ የመነመነ ነው። ጥላ ያፍነዋል፤ ነፍሳትና አይጦችም እዚያው ተሰብስበው ይጠብቁታል። ዛፍ እግር የለውም፤ ስለዚህ ለወፍ ስንቅ ቋጥሮ ዘሩን አደራ ይሰጣታል። ዘሩ እስኪደርስ ፍሬው አረንጓዴና መራራ ሆኖ ከቅጠሉ መካከል ይደበቃል፤ ሲደርስ ግን በቀለሙ ይጣራል።

ባለፈው ወደ የጎፍ ደን በወጣሁ ጊዜ የአንድ አጋም ቁጥቋጦ ቅርንጫፎችን በዱላ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከእሾሁ መካከል ከስንዝር የማይበልጡ ሦስት የወይራ ችግኞች ቆመዋል። ከበላያቸው ያለው ቅርንጫፍ በወፍ ኩስ ነጥቷል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወፊቱ አጋሙ ላይ አርፋ ዘሩን ጣለች፣ እሾሁ ከፍየል ጠበቀው፣ ጥላው እርጥበት ያዘለት። ገላጣ ሜዳ ላይ የወደቀ ዘር ይህን ሁሉ አያገኝም። እኛ ግን ለተከላ ስንወጣ በመጀመሪያ አጋሙንና ደደሆውን እንመነጥራለን፤ ከዚያ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ወፍ የተከለችውንና ሥር የሰደደውን ነቅለን በምትኩ ከፕላስቲክ የወጣ ችግኝ እናቆማለን። እባካችሁ፣ ገጀራ ከማንሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የቁጥቋጦውን ሥር እዩ።

የእርስዎን ወይራ፣ እማማ፣ ለማዛወር አይድከሙ። ሥሯ ድንጋዩ መካከል ገብቶ ይሆናል፤ ባለችበት ይተዉአት።

«ዶሮዎቻችን ሚጥሚጣ ሲለቅሙ ይውላሉ። አያቃጥላቸውም?» (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

አያቃጥላቸውም፣ እህቴ። እኛን የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የአጥቢ እንስሳት ነርቭ ይህን ንጥረ ነገር እንደ እሳት ይቆጥረዋል፤ የወፎች ግን ከነመኖሩም አያውቀውም ማለት ይቻላል። የበርበሬ ዘር የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በዚያ አይጥ ዘሩን በጥርሷ ትፈጨዋለች፣ ወፍ ግን ጥርስ ስለሌላት እንዳለ ትውጠዋለች። ማቃጠሉ እንግዲህ አንዱን እንግዳ መልሶ ሌላውን የሚያስገባ በር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የታተመ በአሪዞና የተደረገ ጥናትም የዱር በርበሬን አይጦች ሲሸሹት ወፎች እንደሚበሉት፣ በወፎቹ ሆድ ያለፈው ዘርም እንደሚበቅል አሳይቷል። የእናንተ ዶሮዎች ግን በዋጡት ጠጠር ዘሩን ስለሚፈጩት ጥሩ ዘሪዎች አይደሉም።

«የወፍ ቆሎ የግጦሽ መሬቴን እየወረሰ ነው። ጥፋቱ የወፍ ነው?» (አርሶ አደር፣ ከሐረጎ ሥር)

ጋሼ፣ ወፍ የሚበላና የማይበላ እንጂ የአገር ቤትና የባዕድ ተክል ብላ አትለይም። ይህ ተክልም ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጥቁሯን ፍሬ ወፎች ይወዷታል፣ በየአጥሩም ይጥሏታል። ቅጠሉ ከብትን ስለሚመርዝ የሚግጠው የለም፤ ይህ ነው ያስፋፋው። ፍሬ ሳይይዝ ከነሥሩ ይንቀሉት። ከቆረጡት ብቻ ያቆጠቁጣል። ባዶ የቀረውን ቦታም እንዲሁ አይተዉት፤ ቀጋና አጋም ሲይዙት ወፎቹ ሌላ ምግብ ያገኛሉ።

«ኮኬ ላይ ተቀጽላ ወጣ። ከምድር ሳይሆን ከቅርንጫፉ ነው የበቀለው።» (ከሆጤ፣ ደሴ)

ዘሩ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ወፏ ሥጋውን በልታ ምንቃሯ ላይ የቀረውን ዘር ቅርንጫፍ ላይ ትጠርገዋለች፤ እዚያው ይበቅላል። ከተያዘበት ትንሽ ዝቅ ብለህ ቅርንጫፉን ቁረጠው።

«ፍሬ የሚበላ ወፍ ሁሉ ዘር ይዘራል?»

የለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው ክንፈ ጥቁር ትንሽ በቀቀን የሾላና የጽድ ፍሬ ትበላለች፤ በቀቀኖች ግን ዘሩን ራሱን በምንቃራቸው ይሰብራሉ። በዚህ በኩል ለዛፉ የምትጠቅመው አትመስለኝም።

«የወይራ ዘር ከዛፍ ሥር ለቅሜ ዘራሁ፤ አንድም አልበቀለም።» (የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ)

ወፏ የምትሠራውን ሥራ አንተ ሥራው፣ ወንድሜ። ከመሬት አትልቀም፤ ነቀዝ ቀድሞህ ይሆናል። የጠቆረውን ከዛፉ ላይ ልቀም፣ ሥጋውን ከአሸዋ ጋር እያሸህ አጥበህ አስወግድ። ከዚያ የዘሩን አንድ ጫፍ በጥንቃቄ ሰንጥቅ፤ ውስጡ ያለው ነጭ አስኳል ከተነካ ይበላሻል። ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ እንዳወጣኸው ወዲያው ዝራው።