በግራ እግሬ ወጣሁ፣ 10 ሺህ ብር ጎደለኝ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 27 ነው። አዳማ ውስጥ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ቀኝ እግሬ መቅደም አለበት። ከረሳሁ ተመልሼ ገብቼ እንደገና እወጣለሁ። የበሩን ቁልፍም ሦስቴ ነካ ነካ አደርጋለሁ። ድሮ እንደ ቀልድ ነበር። ባለፈው ጥር ግን ረፍዶብኝ፣ ባጃጅ ለመያዝ ስሮጥ በግራ እግሬ ወጣሁ። ማታ ሂሳብ ስዘጋ ልክ 10 ሺህ ብር ጎደለኝ። እስካሁን ከደመወዜ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲህ ለእግሬ ስል ተመልሼ ሁለት ቀን ሥራ አርፍጃለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ አፈርኩ። ኃጢአት ነው? ወይስ እያበድኩ ነው?
ግራ የገባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ ጨው ከእጅ ወደ እጅ አልቀበልም። ጎረቤቴ ስታመጣልኝ «እዚያ አስቀምጪው፣ አነሳዋለሁ» እላታለሁ። ከመሸ ቤት አልጠርግም። 22 ዓመት ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ ከቁጥር በቀር ሌላ በማያውቅ ሥራ ኖሬ፣ ይኸው። ስለዚህ አላበድሽም፤ ካበድሽም ብዙ ነን። የኃጢአቱን ነገር አፍረሽም ቢሆን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ በሳቸው ሥራ አልገባም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው እግርሽ ላይ አይደለም። «ልክ 10 ሺህ» የሚለው ላይ ነው። መቶ ባለ 200 ብር ኖት አንድ ላይ ሲታሰር 20 ሺህ ነው። መቶ ባለ 100 ደግሞ 10 ሺህ። ባለ 100ውን መስጠት ሲገባሽ ባለ 200ውን እስር ከሰጠሽ፣ የሚጎድለው ሳንቲም ሳይዛነፍ 10 ሺህ ነው። እዚያ ስላልነበርኩ አልምልም። ግን ሂሳብ በድፍን ቁጥር ሲጎድል እኔ የምጠረጥረው እጅን እንጂ እግርን አይደለም። ደግሞ ያን ቀን ሮጠሽ ነው የገባሽው። ልብሽ ሳይረጋ መስኮት ላይ ተቀመጥሽ።

ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ርግቦች ያሳተመው ጽሑፍ አለ። የተራቡ ርግቦችን ሳጥን ውስጥ ያስገባል። ምንም ያድርጉ ምን፣ ምግቡ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣላቸዋል። አንዷ ምግቡ ሲመጣ እየዞረች ነበር መሰል፣ ከዚያ ወዲያ ስትዞር ዋለች። እኔና ጨዌም ከርግቧ ብዙ አንርቅም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ ይመላለሳል። አንዳንዴ አብሬው እሄድ ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን፣ ሜዳው ላይ፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ቆሎ ይቆረጥማል። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ጣርማ በር ሲደርስ ግን ዝም። ከዋሻው በፊት ያቆምና ይወርዳል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ይመታል፤ ሁልጊዜ ከኋላ ቀኝ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ያማትባል፣ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ ያደርጋል። ያን ቁልቁለት ጨርሶ ደብረ ሲና እስኪገባ ቆቡን አይነካም። ስቄበት አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ግን ሲመታ የአንዱ ጎማ ድምፅ ተለወጠበት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ምስማር ተሰክቶበታል።

ማሊኖቭስኪ የተባለ የባህል አጥኚም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ፓሲፊክ ውስጥ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ያየው ከዚህ አይርቅም። ዓሣ አጥማጆቹ ጸጥ ባለው የዳር ውሃ ሲሠሩ ድግምት የሚባል ነገር የለም። ማዕበል ወዳለበት ባሕር ሲወጡ ግን ድግምቱ ይበዛል። የእኔም ሰውዬ ሜዳው ላይ ቆቡ አናቱ ላይ ነበር።

ያንቺ ጣርማ በር ታዲያ የቤትሽ ደጃፍ አይደለም። የባንኩ መስኮት ነው። ልማድሽን ወደዚያ ውሰጂው። 10 ደቂቃ ቀድመሽ ግቢ። ውሃ ተጎንጪ። ባለ 200ውን በቀኝ፣ ባለ 100ውን በግራ ደርድሪ፣ አንድም ቀን ሳታዛውሪ። እስር ከመስጠትሽ በፊት ጠርዙን በአውራ ጣትሽ ገለጥ አድርገሽ ቁጥሩን እዪ። ቀኝ ከወደድሽ፣ ቀኝ እዚያ ይሥራልሽ።

ደጃፍ ላይ ቀኝ እግርሽን ማስቀደሙን አልከለክልሽም። ደስ ይላል። እናቴም «ቀኝ አውለኝ» ሳትል ከቤት አትወጣም ነበር። የምከለክልሽ መመለሱን ነው። ከረሳሽ ረሳሽ፤ ሂጂ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድሽን ይረብሽሻል፣ ቻይው። ሦስቱ ነካ ነካ ዘጠኝ ከሆነና መውጣት ካቃተሽ ግን ሐኪም አነጋግሪ፤ ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ባልሽን ተዪው፣ ይሳቅ። ግን ቡድኑ ሲጫወት የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ልብ በይ። ማልያውን ያጠብሽበት ሳምንት ቡድኑ ከተሸነፈ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።