ቅንጡ ጀልባ ላይ ልሥራ ወይስ ጀልባ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ በሚገኝ ሆቴል በአስተናጋጅነት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ ፊት ለፊቴ የሚቆሙት ትልልቅ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ብሠራ ደስ ይለኛል። አንድ ደላላ 8 ሺህ ድርሃም ከከፈልኩት እንደሚያስገባኝ ነግሮኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በዚሁ ገንዘብ ላይ የእቁብ ብራችንን ጨምረን ያገለገለ ጀልባ ገዝተን በሰዓት እናከራይ ይለኛል። ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል? በመካኒካል ምህንድስና የተመረቀው ታናሽ ወንድሜስ በዚህ መስክ ዕድል ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለደላላው አትክፈዪ፤ ጀልባውንም አትግዢ። ጀልባ ላይ የመሥራቱን ሐሳብ ግን አትተዪው።

ከጀልባው ልጀምር፤ የጓደኛሽ ሐሳብ ከደላላው ይልቅ አጓጊ ስለሆነ ነው የምፈራው። በሰዓት የሚከፈለውን ኪራይ ታያላችሁ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሰለፈውን ቱሪስት ትቆጥራላችሁ፣ ከዚያም በወረቀት ላይ ትከብራላችሁ። በወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ጀልባው ቆሞም የሚበላው ገንዘብ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ የተለመደው ግምት አንድ ትልቅ የመዝናኛ ጀልባ በየዓመቱ የዋጋውን አንድ አሥረኛ ያህል ያስወጣል የሚል ነው። አሥር ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ጀልባ በዓመት አንድ ሚሊዮን ይፈልጋል ማለት ነው። ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የመግዣው ዋጋ በግማሽ ሲወርድ የሞተሩ መለዋወጫና የሠራተኛው ደመወዝ አብረው አይወርዱም።

የባሕረ ሰላጤው አየር ደግሞ ለጀልባ አይራራም። ፀሐዩ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ጨዋማው አየር ብረቱን ይበላዋል፣ በሞቀው ውኃ ውስጥ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚለጠፉት ፍጥረታት ቶሎ ይራባሉ። እነሱ ከበዙ ጀልባው ይከብዳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፤ ስለዚህ በየጊዜው ከውኃ እየወጣ መፋቅና በልዩ ቀለም መቀባት አለበት። የአየር ማቀዝቀዣው ሳያቋርጥ ይሠራል፣ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተርም እንዲሁ። በበጋው ሙቀት ደግሞ ደንበኛው ይቀንሳል፤ የማቆሚያ ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱና የንግድ ፈቃዱ ግን አይቀንሱም። እቁብ የሚሰበሰበው ለዚህ አይደለም።

የትልልቆቹን ወጪ ባለቤቶቻቸው ስለማይናገሩ በትክክል ማወቅ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ግን ሒሳቡ በአደባባይ ወጥቷል። አማዲያ የተባለችውን 106 ሜትር የምትረዝም ጀልባ እ.ኤ.አ. በ2022 በሩሲያ ላይ ከተጣለው ማዕቀብ ጋር በተያያዘ የአሜሪካ መንግሥት ፊጂ ላይ አስይዞ ወደ አገሩ ወሰዳት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ መንግሥት ለጥበቃዋ የሚያወጣውን ገለጸ፦ በወር 600 ሺህ ዶላር ያህል። ኢንሹራንሱና ከውኃ አውጥቶ የመጠገኑ ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። እንግዳ የለ፣ ግብዣ የለ፣ ጉዞም የለ፤ ዝም ብሎ ለማስቀመጥ ብቻ!

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ከዚያ 600 ሺህ ውስጥ 360 ሺሁ የሠራተኞች ደመወዝ ነበር፤ ነዳጁ 75 ሺህ ብቻ። ሰው ሁሉ ጀልባ ነዳጅ ይፈጃል እያለ ያወራል፤ ቆሞ የሚውል ትልቅ ጀልባ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈጀው ለሰው ጉልበት የሚከፈል ገንዘብ ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ ውስጥ ለአንቺ የሚሻለው ከፋይ ሳይሆን ተከፋይ መሆን ነው።

ለምን ይህን ሁሉ ያወጣሉ ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። እኔም ቅንጦት የሚለው መልስ ብቻውን አያጠግበኝም። ሀብታሞች በሆቴል የማያገኙት ነገር አለ፤ ጎረቤት የሌለው ቤት ነው። ጠዋት ጸጥ ያለ ወሽመጥ ውስጥ ይነቃሉ፣ ማታ ሌላ ከተማ ያድራሉ፣ አልጋቸው ግን ያው ነው፤ ቡናቸውን የምታቀርበው ሴትም ስኳር ስንት እንደሚፈልጉ ታውቃለች። የሚከፍሉት ለዚህ ነው። አንቺ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሽው ይህንኑ ነው። ማመልከቻሽ ላይ ‹‹አስተናጋጅ›› ብለሽ አትለፊው፤ የጠረጴዛ ዝግጅት፣ የአልጋ አነጣጠፍ፣ የስስ ጨርቅ አጠባና አተኳኮስ፣ የእንግዳ ምርጫ መዝግቦ መያዝ ብለሽ ዘርዝሪው። ዓረብኛ የምትችይ ከሆነ እሱን ከላይ አድርጊው።

ስለ ሥራው ግን እውነቱን ልንገርሽ። በፎቶ የምታዪያቸው ነጫጭ የለበሱ ልጆች ከፎቶው ውጭ ቀኑን ሙሉ ያብሳሉ። እንግዳ የነካው መስታወት ወዲያው ይጠረጋል፣ የበር እጀታ ላይ የጣት አሻራ አይታይም፣ ጠባብ ስንጥቅ በጆሮ ማጽጃ እንጨት ይጸዳል። ማደሪያሽ ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሪው፣ አልጋው ባለ ሁለት ፎቅ የሆነ ክፍል ነው። እንግዳ ባለበት ሳምንት የዕረፍት ቀን የሚባል አይታሰብም። በሆቴል ሥራሽን ጨርሰሽ ወደ ክፍልሽ ትሄጃለሽ፤ እዚህ ግን የተጣላሻት የሥራ ባልደረባሽ ከአልጋሽ በላይ ትተኛለች። ባሕር ሲናወጥ ሆድሽ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

በምትኩ የሚገኘው ቀላል አይደለም። በሜዲትራኒያን በሚሠሩ ትልልቅ ጀልባዎች ጀማሪ አስተናጋጅ በወር ከ2 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ 500 ዩሮ አካባቢ ታገኛለች። ምግብና መኝታ በባለቤቱ ስለሆነ ከደመወዟ የሚነካው ጥቂት ነው። ጀልባው የሚከራይ ከሆነ እንግዶች በአብዛኛው ከኪራዩ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ጉርሻ ይተዋሉ፤ ሠራተኞቹም ይካፈሉታል። ባለቤቱ ብቻ የሚዝናናበት ከሆነ ጉርሻ አትጠብቂ፤ የምትጠብቂው የተረጋጋ ደመወዝ ነው። እሱም ቢሆን ባለቤቱ እስኪሰለች ድረስ ነው። ወጪው ሲከብደው ጀልባውን ይሸጣል፣ ገዢው የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሦስት ወር መኖሪያሽን ሳታስቀምጪ ከሆቴሉ አትውጪ።

መግቢያው በር ደላላው ጋር አይደለም። መጀመሪያ የባሕር ላይ መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና ያስፈልግሻል፤ ኤስ ቲ ሲ ደብሊው በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የሚሰጥ፣ አንድ ሳምንት አካባቢ የሚወስድ ነው። እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና ከመርከብ ወጥቶ በሕይወት መቆየት ይማሩበታል። የመጨረሻው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ዋና የማትችይ ከሆነ ከዛሬ ጀምሪ። እኛ ደገኞች ይህን እንደ ትንሽ ነገር እናየዋለን፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ግን እዚያ ገንዳ ጠርዝ ላይ ነው። ቀጥሎ የባሕር ሠራተኛ የጤና ማረጋገጫ። ደላላው ከሚጠይቅሽ ገንዘብ ለእነዚህ ሁለቱ የሚበቃውን አንሺና በራስሽ ስም ማስረጃ አውጪበት።

ከዚያ በኋላ ሥራ መፈለግ ያለብሽ መጀመሪያ አሁን ባለሽበት አገር ነው። የአውሮፓዎቹ መናኸሪያዎች የፈረንሳይዋ አንቲብና የስፔኗ ፓልማ ናቸው፤ በጸደይ ወጣቶች እየሄዱ ከጀልባ ጀልባ ማመልከቻ ያድላሉ። እነሱ ግን ቪዛ የማይጠየቁ ወይም በቀላሉ የሚያገኙ ናቸው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ሳይኖርሽ ያንን ማድረግ አትችይም፤ ቪዛውም የሚቀለው አስቀድሞ የቀጠረሽ ጀልባ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ ነው። ስለዚህ ዱባይ ውስጥ በቀን የሚከራዩ ጀልባዎች ላይ አንድ ወቅት ሥሪ፣ ከካፒቴኑ የምስክር ደብዳቤ ተቀበይ፣ ከዚያ ትልልቆቹን ጠይቂ። ለእረፍት ቀን ብለሽም ቢሆን ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳትሳፈሪ፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ ከሆቴሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጣጣው የሚመጣው ባንቺ ላይ ነው።

ለወንድምሽ መልሱ አጭር ነው፤ ዕድል አለው፣ ምናልባትም ካንቺ የሰፋ። ባሕር ዳር የሚገኘው የማሪታይም አካዳሚ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን ተቀብሎ የመርከብ መሐንዲስ ያደርጋል። ከዚያ የሚወጡት የሚሠሩት በንግድ መርከብ ላይ ነው፤ ሆኖም ለጥቂት ዓመታት የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ትልልቅ ጀልባዎችም ይፈልጉታል። መጀመሪያ ጭነት መርከብ ላይ ይሂድ።

ስለ ደላላው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከሥራ ፈላጊ የማስቀጠሪያ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል፤ በቅጥሩ ሂደት ሠራተኛው የሚከፍለው ለጤና ማስረጃ፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው። የኤምሬቶች የሥራ ሕግም የቅጥር ወጪ በሠራተኛ ላይ እንዳይጫን ይከለክላል። ደላላው እንደገና ሲደውል የጀልባውን ስም፣ የምታውለበልበውን ባንዲራ (የተመዘገበችበትን አገር)፣ ለንግድ ወይስ ለግል የተመዘገበች መሆኗን ጠይቂው፤ ለንግድ ከሆነች በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት መብትሽ ነው፣ የግል ከሆነች ግን ውልሽ ላይ ካልተጻፈ ላታገኚው ትችያለሽ። ከማን ጋር በአንድ ክፍል እንደምታድሪና ሥራው ሲያልቅ የመመለሻ ቲኬቱን ማን እንደሚከፍልም ጠይቂ። ከካፒቴኑ ጋር በስልክ አገናኘኝ በይው። ካላገናኘሽ ቁጥሩን ሰርዢው።