ሥልጣኑ የማን ነው? ስለ ፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጥያቄና መልስ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለማን ለማን እንዳከፋፈለ የጠየቃችሁኝን ተራ በተራ እመልሳለሁ። አንቀጾቹን ስለምጠቅስ መጽሐፉን አጠገባችሁ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ፕሬዚዳንቱ ኮንግረሱ ያወጣውን ሕግ አልፈርምም ብሎ ይመልሳል። የእኛስ?

መልስ፦ የእኛ ይህ ሥልጣን የለውም። አንቀጽ 57ን እይ፤ ሕጉ በቀረበለት በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው እንጂ አስፈጻሚ አይደለም። አገር የሚያስተዳድረው፣ የጦር ኃይሉም ጠቅላይ አዛዥ የሆነው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማን ይቆጣጠረዋል?

መልስ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። የፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛው የሥልጣን አካል እሱ ነው። በጀት ያጸድቃል፣ ሹመት ያጸድቃል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ ይጠይቃል። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ እያለ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢያውጅ በ48 ሰዓት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከዚሁ ምክር ቤት አባላት መካከል ነው፤ መንግሥት የሚመሠርተውም አብላጫ ወንበር የያዘው ፓርቲ ነው። ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሲሆኑ ጥያቄው ይለዝባል። አንቀጽ 54 ግን አባላቱ ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ ፓርቲ የሚል የለበትም። ድምፅ የሰጣችሁት ሰው ይህን አንቀጽ እንዲያከብር ጎትጉቱት።

ጥያቄ፦ የሥልጣን ዘመን ገደብስ?

መልስ፦ ለፕሬዚዳንቱ አለ፤ ስድስት ዓመት፣ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የለም። እኔ ቢኖር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት አንድን አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ መሻር ይችላል?

መልስ፦ አይችልም፤ ከብዙ አገሮች የምንለየውም እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ስለሆነ፣ የሕገ መንግሥቱን ቃል ኪዳን የገቡት እነሱ ናቸውና ትርጉሙንም እነሱ ይስጡ የሚል ሐሳብ አለበት። አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ በቤት ውርስ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲያየው አልፈቀድኩም ብትልም ጉዳዩ ታይቶ ተፈረደባት። ሰበር ድረስ ሄዳ አልተሳካላትም። አንቀጽ 34 ደግሞ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይህንኑ ይዞ የፍርድ ቤቶቹ ውሳኔዎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አለ።

በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ትርጉሙን የሰጠው ይኸው ምክር ቤት ነበር። አባላቱ በክልል ምክር ቤቶች የተመረጡ የፖለቲካ ሰዎች ስለሆኑ፣ የራሳቸው ፓርቲ የሥልጣን ዕድሜ በቀረበበት ጉዳይ ገለልተኛ ናቸው ለማለት እቸገራለሁ። ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያስፈልገናል የምለው ለዚህ ነው። ይህ እስኪሆን ዳኞች መጽሐፉን መዝጋት የለባቸውም፤ አንቀጽ 13 ምዕራፍ ሦስት ላይ ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ በእነሱም ላይ ጥሏል።

ጥያቄ፦ ለፌዴራሉም ለክልሉም ያልተሰጠ ሥልጣን የማን ነው?

መልስ፦ የክልሎች፤ አንቀጽ 52።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ሰው ነኝ፤ አጣሪ ጉባኤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ። መሠረታዊ መብቴ ተጥሷል የሚል ማንኛውም ሰው አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ አዋጅ 798/2005ን አንብቢ። መጀመሪያ ግን ይግባኝ የሚባልባቸውን ቦታዎች ሁሉ መጨረስና የመጨረሻውን ውሳኔ መያዝ አለብሽ። አቤቱታሽ ላይ የተጣሰውን አንቀጽ በቁጥር ጥቀሺ፤ «ፍትሕ ተጓደለብኝ» ብቻ ብትዪ የትርጉም ጥያቄ የለበትም ተብሎ ይመለስብሻል።